ከቤቷ ይልቅ ደጇ የሚያምረው ሲድኒ

መስከረም 21 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ የግሸን ማርያም ዕለት፣ ቴሌቪዥን ያገኘ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሲድኒን በማለዳ አይቷታል። የዚያ ዓመት የኦሊምፒክ ማራቶን የተነሣው ከወደቡ በስተሰሜን ካለው የኖርዝ ሲድኒ ሰፈር ነበር። ሯጮቹ ብዙም ሳይርቁ ትልቁን የብረት ድልድይ ተሻግረው ወደ መሃል ከተማ ገቡ፤ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ ስታዲየሙ ውስጥ ቀድሞ ብቅ ያለው ገዛኸኝ አበራ ነው። ተስፋዬ ቶላም ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ቀድሞ፣ ደራርቱ ቱሉ በሴቶች 10 ሺህ፣ ሚሊዮን ወልዴ ደግሞ በ5 ሺህ ሜትር ወርቁን ወስደዋል። በዚህ ምክንያት ሲድኒ ሲባል ለእኛ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት ሩጫው ነው። ድልድዩና ከጎኑ ያለው ነጭ ጣሪያ ግን በዓይናችን ቀርቷል።

የሲድኒ ማራቶን በ2025 ከዓለም ታላላቅ ማራቶኖች ተርታ ሲገባም በወንዶች ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ኃይለማርያም ኪሮስ ነው (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው ያው ኖርዝ ሲድኒ፣ መሻገሪያው ያው ድልድይ፣ መጨረሻው የኦፔራ ሃውስ ደጃፍ ነበር። መንገዱ እንዲህ መሆኑ አያስገርምም፤ ከተማዋ የምትኮራበት ነገር ሁሉ ደጅ ነው።

ሲድኒ የአውስትራሊያ ዋና ከተማ አይደለችም፤ ዋና ከተማዋ ካንቤራ ናት። ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። ሙዚየምም፣ የገበያ አዳራሽም፣ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃም አላት፤ ይህ ሁሉ ግን ሌላ ትልቅ ከተማም የማይጠፋ ነው። እዚህ ድረስ የሚያስኬደው ውሃው፣ የውሃው ዳርና ዳሩን ተከትሎ የሚሄደው የእግር መንገድ ነው። አብዛኛው ደግሞ ያለ ክፍያ ነው። ነፃ ሆኖ የቀረው እንዲሁ አይደለም፤ በየዘመኑ የተከራከረለትና የታገለለት ሰው ስለነበረ ነው። ጎብኚ ይህን ካላወቀ ከተማዋን እንደ ፖስት ካርድ አይቷት ይመለሳል።

በመጀመሪያ ስለ ወደቡ። የሲድኒ ወደብ በውሃ የተዋጠ የወንዝ ሸለቆ ነው። ወንዞች የአሸዋ ድንጋዩን ለረጅም ዘመን እየቦረቦሩ ሸለቆ አወጡ፤ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን አብቅቶ ባሕሩ ከፍ ሲል ውሃው ሸለቆውን ሞላው። ስለዚህ ዳርቻው ቀጥ ያለ አይደለም፤ በየአቅጣጫው ክንድ እየዘረጋ፣ እየገባና እየወጣ ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። አንዱ ሰፈር ከፊቱ ያለውን ሰፈር በዓይኑ እያየ በመኪና ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት ምክንያትም ይኸው ነው። ወደ ውቅያኖሱ የሚወጣው በር በሁለት ገደሎች መካከል ነው፤ ስማቸው ሰሜን ራስና ደቡብ ራስ ይባላል።

በዚህ ውሃ ዳር የጋዲጋልና የሌሎች ጎሳዎች ሕዝብ ከዘመናት በፊት ጀምሮ ዓሣ እያጠመደ ኖሯል። በጃንዋሪ 1788 በአርተር ፊሊፕ የሚመሩ 11 የእንግሊዝ መርከቦች ከ700 በላይ እስረኞች ጭነው መጡ፤ በቀጣዩ ዓመት በገባው ፈንጣጣ ነባሩ ሕዝብ በገፍ አለቀ። ኦፔራ ሃውስ የቆመበት ቦታ ቤኔሎንግ ፖይንት ይባላል፤ ቤኔሎንግ በፊሊፕ ትእዛዝ ተይዞ፣ ቋንቋቸውን ለምዶ፣ እስከ ለንደን ድረስ የተወሰደ ሰው ነው። የሚስቱ የባራንጋሩ ስም ደግሞ ከድልድዩ ወዲያ ላለው አዲስ መናፈሻ ተሰጥቷል። በዓሣ አጥማጅነቷ የታወቀች፣ ለእንግሊዞቹም በቀላሉ የማትበገር ሴት ነበረች።

ድልድዩን በሁለት መንገድ ማየት ይቻላል። አንደኛው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ፣ ልዩ ልብስ ለብሶ፣ በገመድ ታስሮ እስከ ቅስቱ ጫፍ መውጣት ነው፤ ከ1998 ጀምሮ ይህ ትልቅ ንግድ ሆኗል። ሁለተኛው በስተምሥራቅ ባለው የእግረኛ መንገድ ያለ ምንም ክፍያ መሻገር ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከላይ የሚታየው ሰማይና ርቀት ነው፤ ከታች ግን ብረቱን በእጅ መንካት ይቻላል። ቀረብ ብሎ ላየው ከጫፍ እስከ ጫፍ ክብ ክብ የብረት ራስ ተደርድሮበታል፤ እያንዳንዱ ራስ ሪቬት ነው። ስድስት ሚሊዮን ያህል አሉ። ድልድዩ ሲሠራ አንዱ ሠራተኛ ከላይ ምድጃ አጠገብ ቆሞ ሪቬቱን ፍም እስኪመስል ያግለዋል፤ በመቆንጠጫ ይዞ ይወረውረዋል፤ ሌላው በባልዲ ይቀልበዋል፤ ሦስተኛው ሳይቀዘቅዝ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ይቀጠቅጠዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከውሃው በላይ በብዙ አሥር ሜትሮች ከፍታ፣ ያለ ደኅንነት ገመድ ነበር። በግንባታው 16 ሠራተኞች ሞተዋል። አንዱ ግን ከ50 ሜትር ያህል ከፍታ ውሃ ላይ ወድቆ፣ ጎድኑ ብቻ ተሰብሮ ተርፏል።

ቅስቱ የተሠራው ከሁለቱም ዳር በአንድ ጊዜ ነው። ግማሾቹ እንዳይወድቁ ወደ ኋላ በወፋፍራም የብረት ገመዶች ከዐለት ጋር ታስረው ነበር፤ በኦገስት 1930 ገመዶቹ ቀስ በቀስ ላላ እየተደረጉ ሁለቱ ጫፎች አየር ላይ ተገናኙ። በአራቱ እግሮች ሥር ማጠፊያ አለ፤ ሙቀት ሲበረታ ብረቱ ይለጠጥና የቅስቱ አናት እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በሁለቱም ጫፍ የቆሙት ግዙፍ የድንጋይ ማማዎች ግን ለጌጥ ናቸው። አንዳች አይሸከሙም። ሰው እንዲህ ያለውን ብረት ብቻውን ሲያየው እንዳይፈራ ተብሎ የቆሙ ናቸው ይባላል።

ይህ ድልድይ ሲሠራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የቤት ባለቤቶች ካሳ ሲያገኙ ተከራዮች ባዶ እጃቸውን ተነሥተዋል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይሆንበትም። በ1932 የምረቃው ቀን ደግሞ የግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪባኑን ሊቆርጡ ሲዘጋጁ ፍራንሲስ ደ ግሩት የተባለ ተቃዋሚ በፈረስ ከወታደሮቹ ጋር ተቀላቅሎ ገብቶ ሪባኑን በሰይፍ በጠሰው። ሪባኑ እንደገና ታስሮ እንደገና ተቆረጠ።

ኦፔራ ሃውስን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ብዙ አልልም። ዴንማርካዊው ዮርን ኡትሶን ውድድሩን ያሸነፈው በ1957 ነበር፤ ወጪው ሰባት ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተገምቶ 102 ሚሊዮን ገባ፤ ገንዘቡ በብዛት የተሰበሰበው በሎተሪ ነው። ኡትሶን ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1966 ሥራውን ትቶ ሄደ፤ ሕንፃው በ1973 ሲመረቅ አልነበረም፤ በ2008 እስኪሞትም ያለቀውን ሥራውን በዓይኑ አላየም። ጣሪያዎቹ ለብዙ ዓመት መሐንዲሶችን አስጨንቀዋል፤ የእያንዳንዱ ቅርጽ ለየብቻ ከሆነ በሻጋታ ማምረት አይቻልም። መፍትሔው ሁሉንም ከአንድ ሉል ላይ እንደተቆረሱ ቁራሾች አድርጎ መንደፍ ሆነ። ለጎብኚ የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሩቅ ፎቶ አንሥቶ አይመለስ። ደረጃውን ወጥቶ ጣሪያው ከመሬት የሚነሣበት ቦታ ድረስ ይጠጋ። ያን ጊዜ ነጭ የመሰለው ነጭ ብቻ እንዳልሆነ ያያል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴራሚኮች በሁለት ዓይነት ተለጥፈዋል፤ አንዱ የሚያበራ ነጭ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ክሬም። ፀሐይ ስትዞር መልኩ የሚለዋወጠው በዚህ ነው።

አጠገቡ ያለው የእጽዋት መናፈሻ ከ1816 ጀምሮ አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ሣሩ ላይ እንዳትረግጡ የሚል ማስታወቂያ የለም፤ ይልቁንም እርገጡት ይላል። ከኦፔራ ሃውስ ወደ መናፈሻው የሚያስገባው በር አካባቢ ከዐለቱ ሥር ሰፋፊ ሥር የዘረጉ የዋርካ ዘመዶች ቆመዋል። እነዚህ ዛፎች ዛሬ ያሉት በሥራ ማቆም አድማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦፔራ ሃውስ ሲታቀድ የመኪና ማቆሚያ አልታሰበለትም ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማቆሚያው መናፈሻው ሥር ይቆፈር ተባለ፤ ዛፎቹ ሊወድቁ ነው ማለት ነው። ሲድኒ በምትገኝበት በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ያለው የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር አባሎቻችን ይህን አይሠሩም አለ። ማኅበሩ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሌላ ቦታ ይህንኑ አድርጎ ነበር። በ1971 ሀንተርስ ሂል በተባለው የሀብታሞች ሰፈር ኬሊስ ቡሽ የሚባል፣ ከውሃው ዳር የቀረ ትንሽ የዱር መሬት ለቅንጡ ቤቶች ሊሸጥ ሆነ። 13 የሰፈሩ ሴቶች ተነሡ። ማዘጋጃ ቤቱን፣ የምክር ቤት አባላቸውን፣ መንግሥትን ለመኑ፤ የሰማቸው የለም። በመጨረሻ በሕይወታቸው ጉዳይ ኖሯቸው ወደማያውቁት ወደ ሠራተኛ ማኅበር ሄዱ። መሪው ጃክ መንደይ ኮሚኒስት ነበር። እነዚህ ደግሞ ኑሯቸው የተደላደለ የቤት እመቤቶች ናቸው። ማኅበሩ አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረበ፤ ሰፈርተኛው በሕዝባዊ ስብሰባ ይህን እንደሚፈልግ ያሳይ አለ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ኬሊስ ቡሽ ላይ ዶማ የሚያነሣ የማኅበሩ አባል ጠፋ። የግንባታ ድርጅቱ ሌላ ሠራተኛ አመጣለሁ ሲል፣ ያው ድርጅት ኖርዝ ሲድኒ በጀመረው ሕንፃ ላይ ያሉት ሠራተኞች ስብሰባ ተቀምጠው፣ ኬሊስ ቡሽ አንዲት ዛፍ ከተነካች ይህ ሕንፃ እንደተጀመረ ይቀራል ብለው ወሰኑ። ድርጅቱ አፈገፈገ። መንግሥት መሬቱን በ1983 ገዝቶ ለሕዝብ ሰጠ።

ይህ እምቢታ አረንጓዴ እገዳ ተባለ፤ ከድልድዩ ሥር ያለው ዘ ሮክስ የተባለው አሮጌ ሰፈር በሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ያልተዋጠውም በዚሁ ነው። ዛሬ ቱሪስት በጠባብ መንገዶቹ እየተዘዋወረ አይስክሬም ይበላል። በ1973 እዚያው ከፖሊስ ጋር ተጋፍተው የታሰሩ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ነበሩ።

ወደቡን የጠበቀው ሌላው አካል ያልታሰበ ነው፤ የጦር ሠራዊቱ። እንግሊዞች ከባሕር የሚመጣ ጠላት ስለሚፈሩ በሩ ላይ ያሉትን ገደሎችና ራሶች ሁሉ ለመድፍ ያዟቸው፤ ሰው እንዳይሠፍርባቸው ከለከሉ። ጠላት አንድ ጊዜ መጥቷል፤ በ1942 በሜይ መጨረሻ ሌሊት ሦስት ትንንሽ የጃፓን ሰርጓጅ መርከቦች ወደቡን አጥቅተው በአንዱ ቶርፔዶ 21 መርከበኞች ሞተዋል። መድፎቹ ጊዜ ሲያልፍባቸው መሬቱ ዱሩን እንደያዘ ቀረ፤ ከ1975 ጀምሮም እየተላለፈ የወደቡ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በዓለም ውድ ከሚባል መሬት አጠገብ ይህን ያህል ደን ማየት የሚያስገርመው እንግዳ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ጉዞ ለማየት የማንሊ ጀልባ ይበቃል። ሰርኩላር ኪ ከሚባለው መናኸሪያ ይነሣል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳል። የቱሪስት ጀልባ አይደለም፤ ሰው ቢሮ የሚገባበት የከተማ ትራንስፖርት ነው። የሚከፈለውም በአውቶቡስና በባቡር በሚያስነኩት በዚያው ካርድ ነው፤ የባንክ ካርድም ይሠራል። በቀን ከተወሰነ ጣሪያ በላይ አይቆረጥም፤ ከአርብ እስከ እሑድ ጣሪያው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዳር ላይ ቆመው በውድ የመርከብ ሽርሽር ትኬት የሚሸጡትን በትሕትና አልፈው ይሂዱ። ትልልቆቹ አረንጓዴና ክሬም ጀልባዎች ፊትና ኋላ የላቸውም፤ በሁለቱም ጫፍ መሪ ስላላቸው ሳይዞሩ ይመለሳሉ። ከተቻለ ውጭ፣ ሲሄዱ በቀኝ በኩል ይቀመጡ። ኦፔራ ሃውስ በቅርብ ያልፋል፤ ቀጥሎ በ1816 የተመሠረተው መናፈሻ፤ በግራ በኩል ደግሞ ከ1916 ጀምሮ ተራራው ላይ የተቀመጠው የታሮንጋ መካነ እንስሳት፣ ቀጭኔዎቹ ከተማውን ቁልቁል የሚያዩበት። ጉዞው ሲጋመስ ወደ ውቅያኖሱ የሚወጣው በር ይመጣል። እዚህ ላይ ጀልባው ድንገት መወዝወዝ ይጀምራል፤ ከውጭ የሚመጣው ሞገድ በሁለቱ ራሶች መካከል ቀጥታ ስለሚገባ ነው። ነፋሻ ቀን ከሆነ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሁሉ ይርሳል፤ ሲድኒዎች አይነቃነቁም፤ ስልካቸውን ያያሉ።

ማንሊ ሲወርዱ አንድ አጭር መንገድ አቋርጠው የውቅያኖሱ ዳርቻ ላይ ይደርሳሉ። ዛሬ ሰው በግላጭ የሚዋኝበት ይህ ባሕር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሰው በሚያይበት ቦታ መዋኘት ነውር ተብሎ ያስቀጣ ነበር። በ1902 ዊልያም ጎቸር የተባለ የማንሊ ጋዜጣ አዘጋጅ በቀትር እዋኛለሁ፣ ፖሊስ ይምጣና ይያዘኝ ብሎ በጋዜጣው አውጆ ገባ። የከሰሰው አልተገኘም። በቀጣዩ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ከአንገት እስከ ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይለበስ እንጂ በቀንም ይዋኝ ብሎ ፈቀደ።

ሰው በቀን መግባት ሲጀምር መስጠምም በዛ። አብዛኛው መዋኘት አይችልም ነበር። በዚህ ምክንያት በ1907 ገደማ በቦንዳይና በአቅራቢያው ባሉ ዳርቻዎች የበጎ ፈቃድ ነፍስ አድን ክበቦች ተቋቋሙ። ዛሬም ቅዳሜና እሑድ ቀይና ቢጫ ለብሰው የሚቆሙት ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1938 በቦንዳይ ትልልቅ ሞገዶች ተከታትለው መጥተው ከ200 በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ወሰዱ፤ ነፍስ አድኖቹ ከአምስቱ በቀር ሁሉንም አወጡ።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ። በሲድኒ ዳርቻዎች ሰው የሚገድለው ሻርክ ሳይሆን ሪፕ የሚሉት ጅረት ነው። ሞገድ ውሃ ወደ ዳር ይገፋል፤ የተገፋው ውሃ የግድ መመለስ አለበት፤ ሲመለስ ደግሞ በየቦታው አይሰራጭም፣ አሸዋው ጎድጎድ ያለበትን ቦይ ፈልጎ በዚያ ይወጣል። ቦዩ ጠለቅ ስለሚል ሞገዱ እዚያ ላይ አይሰበርም። እንግዳ ሰው ከዳር ሆኖ ሲያይ ነጭ አረፋ የሌለበት፣ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ መስመር ይታየዋል፤ ለመዋኘት የተመቸው እሱ ይመስለዋል። አደጋው ያለው በትክክል እዚያ ነው። ጅረቱ ሰውን ወደ ታች አይስብም፤ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። የሚያሰጥመው ድንጋጤና ድካም ነው፤ ሰው ወደ ዳር ለመመለስ ፊት ለፊት ሲታገል ጉልበቱ ያልቅበታል። የተያዘ ሰው መታገሉን ትቶ በጀርባው ይንሳፈፍ፣ እጁን ወደ ላይ ያንሣ፣ አቅም ካለው ከዳርቻው ጎን ለጎን ወደሚሰበረው ሞገድ ይዋኝ፤ ሞገዱ ራሱ ይመልሰዋል።

ይህን የማስረዝመው ለእኛ ሰው ስለሚያስፈልገው ነው። ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ውስጥ ዋኝቶ ያደገ ሰው ዋና እችላለሁ ይላል፤ እውነቱን ነው፤ ሐይቅ ግን እንዲህ ያለ ጅረት የለውም። ስለዚህ ዳርቻው ላይ እንደደረሱ ቶሎ አይግቡ። ከፍ ካለ ቦታ ቆመው ጥቂት ደቂቃ ውሃውን ይመልከቱ፤ ጠቆር ያለው መስመር የት እንደሆነ ዓይን ሲለምድ ይታያል። ከዚያ ቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹን ይፈልጉ። ነፍስ አድኖቹ በየጠዋቱ ውሃውን አጥንተው ነው የሚተክሏቸው፤ ጅረቱ ሲንቀሳቀስ ባንዲራዎቹም አብረው ይነሣሉ። ባንዲራ የሌለበት ዳርቻ ላይ እግር መንከር ይበቃል።

ሞገድ የማይወድ ሰው ሌላ ነገር አለው፤ ከዐለቱ ላይ በሲሚንቶ ተገድበው የተሠሩ የባሕር ገንዳዎች። ባሕሩ ከፍ ሲል ግድቡን አልፎ ይሞላቸዋል፣ ያጥባቸዋል፤ ሲወርድ ረጋ ያለ ገንዳ ይቀራል። በቦንዳይ ያለው የአይስበርግስ ክበብ በ1929 ተመሠረተ፤ አባል ለመሆን አምስት ክረምት በየወሩ ከአራት እሑድ ሦስቱን በቀዝቃዛው ውሃ መዋኘት ግዴታ ነው። ኩጂ ዳርቻ አጠገብ ያለው የማክአይቨርስ ገንዳ ደግሞ ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ የተፈቀደ ነው። ወንድ በሌለበት መዋኘት የሚፈልጉ ሴቶች ከከተማው ዳር ዳር ሁሉ ይመጡበታል።

ከቦንዳይ ኩጂ ድረስ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ገደሉን ተከትሎ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። ታማራማ፣ ብሮንቴ፣ ክሎቬሊ እየተባሉ ትንንሽ ዳርቻዎች ይመጣሉ፤ መሃል ላይ ከውቅያኖሱ በላይ የተንጣለለ የመቃብር ቦታ አለ። ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ውሃ ይያዙ። ከሜይ እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ዓሣ ነባሪዎች በዚህ ዳር ስለሚያልፉ ዓይንን ራቅ አድርጎ መጣል ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው የትንፋሻቸው ጭስ ነው።

በከተማው ውስጥ የሚያጋጥሙ ወፎችም አሉ። ሰርኩላር ኪ ላይ ጥብስ ድንች ይዞ የሚቆም ሰው ከባሕር ወፍ ጋር መካፈሉ አይቀርም። ረጅም ቆልማማ መንቁር ያለው ነጭ ወፍ ደግሞ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጭንቅላቱን ከትቶ ይታያል፤ በእኛ ሐይቆች ዳር በክብር ከሚቆመው ወፍ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ረግረጉ ሲደርቅበት ከተማ ገብቶ ነው እንዲህ የሆነው።

የሲድኒ ሁሉ ነገር ደግ ነው ብዬ አላታልልም። ኑሮዋ ውድ ነው፤ የሆቴል ዋጋ ያስደነግጣል። የወደቡ ዳር በሙሉም የሕዝብ አይደለም፤ ፖይንት ፓይፐር በመሳሰሉ ሰፈሮች የግል ቤቶች እስከ ውሃው ወርደው መንገዱን ይቆርጡታል። የባራንጋሩ ጉዳይም ገና ያከራክራል። የኮንቴይነር ወደቡ ወደ ቦተኒ ቤይ ሲዛወር የቀረው መሬት አንድ ጫፉ በ2015 መናፈሻ ሆነ፤ በአሸዋ ድንጋይ ተደርድሮ፣ የአገሩ ዛፍ ተተክሎበት፣ እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው። ሌላው ጫፍ ላይ ግን ካዚኖ የያዘ 271 ሜትር ሕንፃ ቆመ። የኬሊስ ቡሽ ሴቶች ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?

ሌላው ቅሬታ የርቀት ነው። ሲድኒ ወደ ምዕራብ እጅግ ተለጥጣለች፤ ሠርቶ አደሩና ስደተኛው የሚኖረው በዚያ ነው፤ በጋ ላይ ከባሕሩ ዳር በብዙ ዲግሪ ይሞቃል፤ ቦንዳይ ለመድረስም ረጅም ጉዞ አለ። በአውስትራሊያ ያሉ ኢትዮጵያውያን የሚበዙት በሜልበርን ነው፤ በሲድኒ ያሉትን የሚፈልግ ግን ወደ ብላክታውን አቅጣጫ ባቡር ይያዝ። እንጀራም ቡናም ያገኛል፤ ከሰርኩላር ኪ ምግብ ቤቶችም በግማሽ ዋጋ ይጠግባል።

ጊዜን በተመለከተ፣ ወቅቱ ከሰሜኑ ዓለም የተገላቢጦሽ ነው። ዲሴምበርና ጃንዋሪ የለየለት በጋ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ የአዲስ ዓመት ርችትና የሰው ግፊያ ነው። ማርች ላይ ሰው ይቀንሳል፤ ባሕሩ ግን ሙቀቱን እንደያዘ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ የማርች መጨረሻን እመክራለሁ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን ወሬ ትተው ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት ይያዙ።

ብሉ ማውንቴንስ የተባሉት ተራሮች በባቡር ሁለት ሰዓት ይርቃሉ፤ ከከተማው በስተደቡብ ያለው ሮያል ናሽናል ፓርክም በ1879 የተከለለ፣ በዓለም ካሉት ብሔራዊ ፓርኮች ከጥንቶቹ አንዱ ነው። ለእነዚህ የተለየ ቀን ያስፈልጋል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ግን በማለዳ ከኖርዝ ሲድኒ በኩል ድልድዩን በእግሩ ይሻገር፤ በዘ ሮክስ ወርዶ፣ ኦፔራ ሃውስን ዳብሶ፣ መናፈሻው ውስጥ ዋርካዎቹ ሥር ምሳውን ይብላ፤ ከሰዓት በኋላ የማንሊን ጀልባ ይያዝ፤ ሲመሽ ይመለስ፣ ከተማው መብራቱን አብርቶ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና። ቦንዳይ ቢቀር ምንም አይደለም። ለዚህ ሁሉ የሚያወጣው የጀልባውን ዋጋና የምሳውን ነው። ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ አደራ፣ በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ይሁን።